ሌሊቱን የማይተኛ አስተርጓሚ
ስለ ሆቴል መሣሪያዎችና እነርሱን ስለሚያገናኘው ኮምፕዩተር

እንግዳን አክብሮ መቀበል በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የኖረ ልማድ መሆኑን ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብናል። የመንገደኛው እግር ይታጠባል፤ መኝታው ይነጠፍለታል፤ ማልዶ የሚሄድ እንደ ሆነም የቤቱ እመቤት ከዶሮ ጩኸት ቀድማ ተነሥታ ትቀሰቅሰዋለች። በአንድ ቤት ውስጥ ይህን ሁሉ የምታስበው አንዲት ራስ ናት። ስድሳ ያህል መኝታ ቤት ባለው ሆቴል ግን አሳቡ ለብዙ ሰዎችና ለብዙ መሣሪያዎች ተከፋፍሎ ይገኛል። የተከፋፈለውን አሳብ የሚያገናኝ ከሌለ እንግዳው ባማረ አልጋ ላይ ተኝቶ ይበደላል። ዛሬ በዚህ ዐምድ የምንጽፈው ስለዚሁ አገናኝ ነው።

ነገሩን እንድንመረምር ያነሣሣን በራሳችን ላይ የደረሰ ጉዳይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመሥሪያ ቤት ሥራ ወደ አንድ ከተማ ሄደን፣ ስሙን ለመጥቀስ በማንፈልገው ሆቴል አድረን ነበር። በማግሥቱ ጧት በ1 ሰዓት የሚነሣ አውሮፕላን ስለ ነበረን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ወደ እንግዳ ተቀባይዋ ወጣት ቀርበን፣ «እኅቴ፣ ከሌሊቱ በ11 ሰዓት በቴሌፎን ይቀስቅሱን» አልናት። እርሷም፣ «እሺ ጌታዬ፣ አሁኑኑ እጽፈዋለሁ፤ ያለ አሳብ ይተኙ» አለችን። እኛም ያለ አሳብ ተኛን። ቴሌፎኑ ግን አልጮኸም። የቀሰቀሰን በመስኮቱ የገባው የፀሐይ ብርሃን ሲሆን፣ ሰዓታችንን ብናይ አውሮፕላኑ ከተነሣ ሩብ ሰዓት አልፎታል።

ተቆጥተን ብንወርድ ሥራ አስኪያጁን ከእኛ ይልቅ ተቆጥተው አገኘናቸው። ልጅቱ እያለቀሰች፣ «ጌታዬ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ጽፌአለሁ» ትላለች። እሳቸውም፣ «ብትጽፊው ኖሮ ይጮኽ ነበር» ይሏታል። ለሌላ ቲኬት የምንከፍለውን ሆቴሉ እንዲተካልን፣ ገንዘቡም ከወጣቷ ደመወዝ እንዲቆረጥ በዚያው ሰዓት አዘዙ። እኛም ገንዘቡን ተቀብለን፣ ስለ እርሷ አንዲት ቃል ሳንናገር ሄድን። ይህ ዝምታችን ኋላ እንዴት እንዳሳፈረን ወደ ታች እንገልጻለን።

መሣሪያዎቹ ምንና ምን ናቸው?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ባስከፈቱ ጊዜ፣ እንግዳን ለማስተናገድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው በሚገባ የተያዘ መዝገብና የማይዘነጋ ሠራተኛ ነበር። ዛሬም መዝገቡ አለ፤ ነገር ግን የተጻፈው በኮምፕዩተር ውስጥ ነው። የእንግዳው ስም፣ የመኝታ ቤቱ ቁጥር፣ የገባበትና የሚወጣበት ቀን፣ የሚከፍለውም ሒሳብ በሆቴሉ ዋና የመዝገብ ፕሮግራም ይያዛል። በብዙ አገር ከታወቁት ከእንደዚህ ያሉ ፕሮግራሞች አንዱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ በተቋቋመ ማኅበር የተዘጋጀው ፊዴሊዮ ነው። ይህም ኋላ ማይክሮስ ወደ ተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተላልፎ፣ ማይክሮስ ራሱ በ2014 በኦራክል ተገዝቷል።

ከዋናው መዝገብ በቀር ሌሎች መሣሪያዎች አሉ። የቴሌፎን ማዞሪያው የእያንዳንዱን መኝታ ቤት መስመር ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ በታዘዘበትም ሰዓት ደውሎ ይቀሰቅሳል። የቴሌፎን ሒሳብ መሣሪያው እንግዳው ወደ የት እንደ ደወለና ስንት ደቂቃ እንደ ተናገረ ቆጥሮ ዋጋውን ያወጣል። የበር ቁልፉ ከብረት ወደ ካርድ ከተለወጠ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ሆኖታል፤ በቀዳዳ ምልክት የሚሠራውን የመጀመሪያውን የካርድ ቁልፍ በ1970ዎቹ የፈለሰፉት ቶር ሶርነስ የተባሉ ኖርዌያዊ ናቸው። እንዲሁም ቴሌቪዥኑ የእንግዳውን ስም ጠርቶ ሰላምታ ያቀርባል፤ ኢንተርኔቱ ስምና የመኝታ ቤት ቁጥር ጠይቆ ያስገባል፤ ሚኒባር ከሚባለው ትንሽ ማቀዝቀዣ የተወሰደውና በምግብ ቤቱ የተበላው ሁሉ በሒሳቡ ላይ መውጣት አለበት።

እነዚህ ሁሉ የአንድ ፋብሪካ ሥራ አይደሉም። ማዞሪያው ከአንድ አገር፣ ቁልፉ ከሌላ አገር፣ ቴሌቪዥኑም ከሦስተኛ አገር የመጣ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱም የሚናገረው በየራሱ ቋንቋ ነው።

የአስተርጓሚው ሥራ

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና አንድ ምሳሌ እናምጣ። በእናት ቋንቋችን በትግርኛ እንግዳ ማለት «ጋሻ» ነው። በልጅነታችን አማርኛን ገና በሚገባ ሳናጠና «ጋሻ መጣ» ብለን ስንናገር፣ አማርኛ ተናጋሪው ጓደኛችን ጦር የሚመክተውን ቆዳ በዐይኑ ይፈልግ ነበር። ፊደሉ አንድ፣ ድምፁም አንድ፣ ትርጉሙ ግን ሁለት ነው። በሆቴል መሣሪያዎችም መካከል እንዲሁ ነው። መኝታ ቤት ጠራጊዋ ሥራዋን ስትጨርስ በመኝታ ቤቱ ቴሌፎን የምትመታው ቁጥር 1 በአንዱ መሣሪያ «ተጠርጓል» ማለት ሲሆን፣ በሌላው «ገና ነው» ማለት ሊሆን ይችላል። ዋናው መዝገብ 305 ብሎ የሚጠራውን መኝታ ቤት ማዞሪያው 1305 ብሎ ያውቀው ይሆናል።

ስለዚህ በመካከላቸው አስተርጓሚ ይቆማል። እንግዳው ሲገባ ዋናው መዝገብ ለአስተርጓሚው ይነግረዋል፤ አስተርጓሚውም ለማዞሪያው «የ1305ን መስመር ክፈት» ይለዋል፤ ለቴሌቪዥኑ ስሙን ይሰጠዋል፤ ለቁልፍ መጻፊያው ካርዱ ከየት ቀን እስከ የት ቀን በሩን እንደሚከፍት ያስታውቀዋል። እንግዳው ሲወጣ መስመሩ ይዘጋል፤ የተቀዳለት የድምፅ መልእክት ይጠፋል፤ ያልደረሰ የመቀስቀሻ ትእዛዝም ይሰረዛል።

መልእክቶቹ ረዣዥም አይደሉም። በፊዴሊዮ ደንብ መሠረት የእንግዳ መግባት በሁለት ፊደል «ጂ አይ»፣ መውጣቱ «ጂ ኦ»፣ የመቀስቀስ ልመና «ደብልዩ አር» ተብሎ ይጀምርና፣ የመኝታ ቤቱ ቁጥር፣ ስሙና ሰዓቱ ይከተላሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. በወጣው አስኪ በሚባለው የፊደል ቁጥር አሠራር፣ ቁጥር 2 «መልእክት ተጀመረ»፣ ቁጥር 3 «መልእክት ተፈጸመ»፣ ቁጥር 6 «ተቀብያለሁ»፣ ቁጥር 21 «አልተቀበልሁም» ማለት ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ዛሬም በእነዚሁ ምልክቶች ይነጋገራሉ። ነገሩ በፖስታ ቤት እንዳለው የአደራ ደብዳቤ ነው፤ ተቀባዩ ካልፈረመ ላኪው ደርሷል ብሎ ሊያርፍ አይችልም።

ለብቻው የተመደበበት ምክንያት

አስተርጓሚው አንድ ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙም የሚቀመጥበት ኮምፕዩተር ያስፈልገዋል። ብዙ ባለሆቴሎች በዚህ ላይ ይሳሳታሉ። የሚመላለሱት መልእክቶች አጫጭር ስለ ሆኑ ተራ የቢሮ ኮምፕዩተር ይበቃል። ይበቃል ማለት ግን ከሌላ ሥራ ጋር ይደረባል ማለት አይደለም።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ከመዝገብ ቤት እናውቀዋለን። የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝጋቢ በወንበሩ ላይ ሲገኝ ሥራው ቀላል ይመስላል። ስለ ቀለለም አንዱ አለቃ ሻይ እንዲያስመጣ፣ ሌላው ወደ ባንክ እንዲሄድ ያዘዋል። በሌለበት ሰዓት የመጣ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ያድራል፤ ባለጉዳዩም ስድስት ወር ይመላለሳል። መዝጋቢው የሚከፈለው ስለሚጽፈው ብቻ ሳይሆን ከቦታው ስለማይታጣ ጭምር ነው።

በአደርንበት ሆቴልም የሆነው ይኸው ነበር። አስተርጓሚው ፕሮግራም የተጫነው በሒሳብ ሹሙ ኮምፕዩተር ላይ ነበር። የሒሳብ ሹሙ ጠንቃቃና ቁጠባ አዋቂ ሰው ስለ ነበሩ፣ ማታ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ኮምፕዩተራቸውን ያጠፋሉ። እርሳቸው ሲያጠፉ የሆቴሉ መሣሪያዎች ሁሉ እርስ በርሳቸው ዲዳና ደንቆሮ ሆነው ያድራሉ። በሌላ ሆቴል ደግሞ የባለቤቱ ልጆች በዚሁ ዓይነት ኮምፕዩተር ፊልም እያስገቡ ሲመለከቱ ቫይረስ ገብቶበት፣ የቴሌፎን ሒሳብ ለቀናት ሳይቆጠር መቅረቱን ሰምተናል። ስለዚህ ይህ ኮምፕዩተር አይጻፍበትም፣ አይታተምበትም፣ ፊልም አይታይበትም፣ ኢንተርኔትም አይጎበኝበትም።

የአተካከሉ ሥርዓት

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተተከለ ኮምፕዩተር በጥድፊያ ይወድቃል። ስለዚህ ተከታዩን ሥርዓት ከባለሙያዎች ጠይቀን ጽፈናል።

መጀመሪያ ቦታው ነው። ኮምፕዩተሩ በሚቆለፍና ቀዝቀዝ ባለ ክፍል፣ በተቻለ መጠን ከቴሌፎን ማዞሪያው አጠገብ ይቀመጥ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. የወጣው አር ኤስ 232 የሚባለው የሽቦ ግንኙነት ዛሬም በብዙ ማዞሪያዎች ላይ ይገኛል፤ የሽቦውም ርዝመት በተለመደው አሠራር ከ15 ሜትር እንዳያልፍ ይመከራል። በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ሥር ማኖር አይገባም፤ የሠራተኛው እግር ይመታዋል፣ ወለል ወልዋይም ለመሣሪያው መሰኪያ ሲያጣ ነቅሎት ይሄዳል።

ሁለተኛው መብራት ነው። በአገራችን መብራት ድንገት መጥፋቱ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ የሚያቆየው ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ብዙዎች ኮምፕዩተሩን ብቻ ከዩፒኤስ ጋር አያይዘው ማዞሪያውንና የኔትወርክ ማከፋፈያውን ይዘነጋሉ። ያን ጊዜ አስተርጓሚው ነቅቶ የሚያነጋግረው ሰው ያጣል። እንዲሁም መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፕዩተሩ የሰው እጅ ሳይጠብቅ ራሱን እንዲያስነሣ፣ ፕሮግራሙም ማንም ሳይከፍተው እንዲጀምር አስቀድሞ መታዘዝ አለበት።

ሦስተኛው እንቅልፍን መከልከል ነው። ተራ ኮምፕዩተር ካልነኩት ጥቂት ቆይቶ እንዲተኛ ተደርጎ ይመጣል፤ ይህ ትእዛዝ ይነሣለት። የፕሮግራም ማደሻም ሲመጣ ደስ ባለው ሰዓት አጥፍቶ እንዳያስነሣው፣ ሆቴሉ ጸጥ በሚልበት በታወቀ ሰዓት ይወሰን። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው የተለመደው ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ አሁን የሚተክል ሰው ከዚያ በኋላ በወጣው ላይ ቢተክል ይሻለዋል።

አራተኛው ግንኙነቱ ነው። በሽቦ የሆነ እንደ ሆነ የአንዱ አፍ ከሌላው ጆሮ ጋር መግጠም አለበት፤ ሁለት አፍ ቢገናኙ የሚሰማ የለም። የንግግሩም ፍጥነት በሁለቱም ወገን አንድ ይሁን፤ አንዱ በ9600 ሲናገር ሌላው በ2400 ቢያዳምጥ የሚሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነው። በአዳዲሶቹ ኮምፕዩተሮች ላይ የድሮው መሰኪያ ስለማይገኝ በዩኤስቢ የሚሰካ መለወጫ ይገዛል። ይህም ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ቢዛወር ቁጥሩ ሊለወጥ ስለሚችል፣ በተሰካበት ቀዳዳ ላይ ምልክት አድርጎ እንዳይነካ ማድረግ ያሻል። ግንኙነቱ በኔትወርክ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ለኮምፕዩተሩ የማይለዋወጥ አድራሻ ይሰጠው፤ አድራሻው በየጊዜው የሚለወጥ አስተርጓሚ ቤቱ እንደማይታወቅ መልእክተኛ ነው። በፋየርዎሉም ላይ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው በር ብቻ ይከፈት።

አምስተኛው የቁጥሮች ዝርዝር ነው። የእያንዳንዱ መኝታ ቤት ቁጥር ከቴሌፎኑ ቁጥር ጋር አንድ በአንድ ተመሳክሮ ይገባል። አንድ ቁጥር ቢሳሳት የ304 እንግዳ የ305ን ሒሳብ ይከፍላል፤ ከገንዘቡም ይልቅ የእንግዳው ምሥጢር ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል።

በእነዚህ ዓመታት ዋናው መዝገብ በሆቴሉ ግቢ መሆኑ ቀርቶ በኢንተርኔት በሩቅ አገር በሚገኝ ሰርቨር ላይ የሚኖርበት ጊዜ በዝቷል። ይሁን እንጂ ማዞሪያውና ቁልፍ መጻፊያው በሆቴሉ ውስጥ ባሉበት ሁሉ አስተርጓሚው ኮምፕዩተር አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ይቆማል። የኢንተርኔቱም መስመር ሲቋረጥ መልእክት እንዳይጠፋ አቆይቶ የሚያሳልፍ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

መፈተኛው

ተከላው ካለቀ በኋላ ገንዘብ ከመክፈል በፊት መፈተን ይገባል። ባዶ መኝታ ቤት ተመርጦ የይምሰል እንግዳ ይመዝገብበት። ቴሌፎኑ ተከፈተን? ወደ ውጭ ተደውሎ ዋጋው በሒሳቡ ላይ ወጣን? ካርዱ በሩን ከፈተን? እንግዳው ወደ ሌላ መኝታ ቤት ቢዛወር ስሙ ተከተለውን? ሲወጣስ መስመሩ ተዘጋን? ዋናው መዝገብ በእኩለ ሌሊት የቀኑን ሒሳብ ሲዘጋ አዲስ ሒሳብ አይቀበልምና፣ በዚያ ሰዓት የተደረገ ጥሪ እስኪያልፍ ተጠብቆ መግባቱም ይታይ። በመጨረሻ የኮምፕዩተሩ መብራት ሆን ተብሎ ይቋረጥና፣ ሲመለስ አስተርጓሚው በሆቴሉ ያሉትን እንግዶች ዝርዝር ከዋናው መዝገብ ጠይቆ ማዞሪያውን እንደ ገና የሚያስተካክል መሆኑ ይረጋገጥ።

በአገራችን ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈተን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሰዓት ነው። እንግዳው «ከሌሊቱ 11» ሲል መሣሪያው የሚያውቀው 05:00ን ነው። ሠራተኛው 11 ብሎ ቢጽፍ ቴሌፎኑ የሚጮኸው ረፋድ በ5 ሰዓት ነው። ስለዚህ የሁለቱን አቆጣጠር የሚያመሳክር ሰንጠረዥ በእንግዳ መቀበያው ይለጠፍ፤ ሠራተኛውም ትእዛዙን በሁለቱም አቆጣጠር ደግሞ ይናገር። የማዞሪያው፣ የመዝገቡና የበሮቹ ሰዓት አንድ መሆኑም በየጊዜው ይታይ።

ጥበቃውና አደራው

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላሉ አባቶች። የአስተርጓሚው ደንብና የቁጥሮቹ ዝርዝር ቅጂ በሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ ኮምፕዩተሩ ቢሰበር ሌላው በአንድ ቀን ሊተካ የሚችለው በዚህ ብቻ ነው። አስተርጓሚው የሚያስተላልፈውን ሁሉ በራሱ የመልእክት መዝገብ ላይ ከነሰዓቱ ይጽፋል። በዚህ መዝገብ የእንግዶች ስምና የደወሉበት ቁጥር ስለሚገኝ፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት የተመደቡት ሠራተኞች ብቻ ይሁኑ፤ ለእንግዶች ከተሰጠው የኢንተርኔት መስመርም ፈጽሞ የተለየ ይሁን።

አንባቢዎቻችን የወጣቷ ነገር እንዴት እንደ ሆነ ሳይጠይቁን አይቀሩም። ከሦስት ወር በኋላ ለዚያው ሥራ ተመልሰን በዚያው ሆቴል ብናርፍ፣ አንድ ባለሙያ አስተርጓሚውን ከሒሳብ ሹሙ ክፍል ወደ አዲስ ኮምፕዩተር ሲያዛውር አገኘነው። ሥራውን ስንመለከት ቆይተን፣ የዚያችን ሌሊት መዝገብ እንዲያሳየን ለመንነው። ሥራ አስኪያጁም ፈቀዱ። አስተርጓሚው በ20:05፣ ይኸውም ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ላይ ጠፍቷል። በዋናው መዝገብ ላይ በ21:20፣ ይኸውም 3 ሰዓት ከ20 ላይ፣ የእኛ መኝታ ቤት ቁጥርና «05:00» የሚል የመቀስቀስ ትእዛዝ በወጣቷ የሥራ ስም ተጽፎ ይገኛል። አስተርጓሚው እንደ ገና የተነሣው በማግሥቱ በ08:10፣ ከጧቱ 2 ሰዓት ከ10 ነው። ትእዛዙም ያን ጊዜ ሠርግ ካለፈ በኋላ እንደሚደርስ የጥሪ ወረቀት ወደ ማዞሪያው ሮጠ።

ሥራ አስኪያጁ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ወጣቷን አስጠሩ። የተቆረጠባት ገንዘብ እንዲመለስላት በሒሳብ ሹሙ ፊት አዘዙ፤ «በድዬሻለሁ» ማለትንም አላፈሩበትም። እኛም የበኩላችንን ይቅርታ ጠየቅን፤ በዚያን ቀን አንድ ጊዜ እንኳ «ይመርመር» ብንል ኖሮ ሦስት ወር ሙሉ ዋሾ ተብላ ባልተቀመጠች ነበርና። እርሷ ግን፣ «እኔስ ጽፌአለሁ ማለቴን ትቼ ነበር፤ የሚያምነኝ ስላልነበረ» አለችን። ይህ አነጋገር ከስድብ ይልቅ ከበደን።

ስለዚህ ሆቴልም ሆነ ትንሽ ፓንሲዮን ለምታስተዳድሩ አንባቢዎቻችን የምናሳስበው ይህን ነው። ለአስተርጓሚው ለብቻው ኮምፕዩተር ስጡት፤ ሌላ ሥራ አትደርቡበት፤ አታጥፉት። ጥፋት በደረሰም ጊዜ ከሠራተኛው ደመወዝ ከመቁረጣችሁ በፊት የመልእክቱን መዝገብ ክፈቱና አንብቡ። በዚያ ሆቴል አሁን ኮምፕዩተሩ በሚቆለፍ ክፍል ቆሟል፤ በላዩም «አይጥፋ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። በየማታው ሥራውን ፈትሾ በደብተር ላይ የመፈረሙ ኃላፊነት ለዚያችው ወጣት ተሰጥቷል። በመጨረሻው ባደርንበት ሌሊት ቴሌፎኑ ልክ በ11 ሰዓት ጮኸ።